ያላየሁትን መስቀል ሳሳይ

እስቲ እውነቱን እንነጋገር። እኛ ሰዎች መንገድ ስንጠየቅ «አላውቅም» እንላለን? አንልም። አንድ መንገደኛ አቁሞን «የእገሌ ቤት በየት ነው?» ካለን፣ እገሌን በሕልማችንም ባናውቀው፣ ክንዳችንን ዘርግተን «ቀጥ ብለህ ሂድና ወደ ግራ ታጠፍ፤ እዚያ ስትደርስ ጠይቅ» እንላለን። «እዚያ ስትደርስ ጠይቅ» የምትለዋ ነገር ለኅሊናችን ማምለጫ የተበጀች ናት። ሰውየው ቢጠፋ እዚያ ሳይጠይቅ ቀርቶ ነው እንጂ በኛ ጥፋት አይደለም። አባቴ እንዲህ ያደርግ ነበር፤ አጎቶቼም እንዲሁ። እኔ ግን ከዘሬ ሁሉ የባስኩት ነኝ። እነሱ ያሳሳቱት የሰፈር መንገድ ነው፤ እኔ ያሳሳትኩት የሰማይን ነው።

ጊዜው ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ተማሪ የነበርኩበት ነው። ዛሬ የኮምፒዩተር ኩባንያ የሞላበት ኩፐርቲኖ ያኔ የፕሪምና የአፕሪኮት እርሻ ነበር። እኔና ጥላሁን ካምቤል ድንበር ላይ አንዲት ጠባብ አፓርትመንት ተጋርተን እንኖራለን። ጥላሁን ሲቪል ኢንጂነሪንግ ያጠናል። እኔ የማጠናው ነገር በየሴሚስተሩ ስለሚለያይ እሱን እንተወው። አንድ ቅዳሜ ኦክላንድ የሚኖር የአገር ልጅ ልጠይቅ ብዬ በአውቶቡስ ሄድኩና ሰውየውን ቤቱ አጣሁት። ዝናቡ ይወርዳል፤ ጃንጥላ የለኝም። መጠለያ ስፈልግ በሩ ገርበብ ያለ የአንድ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት አገኘሁና ዘው አልኩ። ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ወንበር በዳበሳ ፈልጌ የአንድ ሰው ጭን ላይ ተቀመጥኩ፤ ይቅርታ ጠይቄ ወደሚቀጥለው ተሻገርኩ።

መብራት ሲበራ ዐሥራ አምስት የሚሆኑ አሜሪካውያን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ዙሪያዬን ተቀምጠዋል። ለካስ ዐይናቸውን ከጨለማ ጋር ሊያለማምዱ መብራት ያጠፉ የኮከብ ተመልካቾች ክበብ ስብሰባ ላይ ኖሯል የገባሁት። ሥራቸው አይደለም፤ ለፍቅሩ ብለው ማታ ማታ ሰማይ የሚያዩ ሰዎች ናቸው። የክበቡ ሊቀ መንበር ሚስ ዶርቲ፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ፣ ከነጠብታዬ አዩኝና ፈገግ አሉ።

«ከየት ነህ ልጄ?»

«ከኢትዮጵያ።»

ወዲያው ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ሉል አሽከረከሩና ጣታቸውን አሳረፉበት። «ዘጠኝ ዲግሪ!» ብለው ጮሁ። «ከምድር ወገብ ዘጠኝ ዲግሪ ብቻ! እንግዲያው የደቡቡን መስቀል እያየህ ነው ያደግከው!»

የደቡብ መስቀል ማለት በደቡብ ሰማይ ላይ በመስቀል ቅርጽ የተቀመጡ አራት ደማቅ ኮከቦች ናቸው። ከካሊፎርኒያ አይታዩም፤ ከኛ አገር ግን በወቅታቸው ዝቅ ብለው ይታያሉ። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት የደቡብ መስቀል ሲባል ደብር ይሁን ተራራ አላወቅሁም። እኔ ልጅ ሆኜ ያሳደጉኝ አክስቴ ኮከብ የቆጠረ ልጅ እጁን ኪንታሮት ይወርሰዋል ይሉ ስለነበር፣ አንገቴን ደፍቼ መሬት መሬት እያየሁ ነው ያደግኩት። በዚህም ብዙ ብይና ብዙ የሸሚዝ ቁልፍ አግኝቻለሁ፤ ኮከብ ግን አላገኘሁም። ታዲያ ይህን ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን ዐሥራ አምስት ሽማግሌ ከሰማይ እንደ ወረደ እንግዳ በፍቅር ዐይን ሲያየኝ፣ ክንዴ ሳላዝዘው ተዘረጋ።

«አዎን፤ በየማታው!» አልኩ።

ከኋላ ወንበር አንድ ረጅም፣ ትከሻቸው ጎበጥ ያለ ሰው ቀስ ብለው ተነሡ። ሚስተር ዊልከንስ ይባላሉ፤ ከኦክላንድ አጠገብ፣ የሳን ሊያንድሮ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የፍራፍሬ ቆርቆሮ ማሸጊያ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነበሩ። ቀኝ ዐይናቸው ጠፍቷል፤ የግራው እየደከመ ነው። ያን ሁሉ ወሬ ሌላ ሰው ነው የነገረኝ፤ እሳቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሲያዩት ምን ይመስላል?»

«ትልቅ ነው» አልኩ።

«ትልቅ ነው» ብለው ደገሙና ዐይናቸውን ጨፍነው ተቀመጡ። እዚያ ላይ መቆም ነበረብኝ። ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በተለይ የኔ አፍ ገደል አፋፍ ላይ የተሠራ ነው።

በሚቀጥለው ወር «ከደቡብ ሰማይ ሥር ያለፈ ልጅነት» በሚል ርዕስ ንግግር እንዳደርግ ጋበዙኝ። ከንግግሬ በኋላ ጥያቄ መጣ። ሕዝባችሁ ያንን መስቀል ምን ይለዋል? የኛ ሕዝብ ምን እንደሚለው የማውቀው ነገር የለም፤ እኔ የማውቀው «የመምሬ በቅሎ» የሚል ነገር አፌ ላይ እንደ መጣልኝ ብቻ ነው። «አራቱ ኮከቦች የበቅሎይቱ አራት እግሮች ናቸው» አልኩ። «መምሬስ የት አሉ?» አሉኝ። «ወድቀዋል» አልኩ። ሚስ ዶርቲ ሁሉንም ጻፉት፤ በክበቡ ወርኃዊ ጋዜጣ ላይም ወጣ። እስካሁን ኦክላንድ ውስጥ የመምሬን መውደቅ ለልጅ ልጁ የሚያወራ ሰው ካለ፣ ኃጢአቱ የኔ ነው።

የአገሬ ልጆች ደግሞ በበኩላቸው «እገሌ ኮከብ ቆጣሪ ሆነ» ብለው አወሩ። አንዱ የራሱንና የእናቱን ስም በወረቀት ጽፎ መጣ፤ የሚያገባት ልጅ ከኮከቡ ጋር ትስማማ እንደሆን እንድነግረው ነው። ይህ ሌላ ትምህርት ነው፣ እኔ አልተማርኩትም ማለት ስችል «ትስማማለች፤ ግን ረቡዕ ቀን አትጣሉ» ብዬ ሸኘሁት። ተጋቡ። ረቡዕ ረቡዕ እየተጠባበቁ ሲኖሩ ሐሙስ ቀን ተፋቱ።

እንግዲህ ነገሩ በዚህ ቢቀር ወግ አይሆንም ነበር። ሚስተር ዊልከንስ ለካስ ሁለት ዓመት ሙሉ ጋራዣቸው ውስጥ ተቀምጠው የቴሌስኮፕ መስታወት በእጃቸው ሲፈጩ ኖረዋል። በእጅ ነው የሚፈጨው፤ መስታወት በመስታወት ላይ፣ መሐሉ አሸዋ፣ እያዞሩ። ከመታወራቸው በፊት ሊያዩ የሚፈልጉትን ነገር ዝርዝር ጽፈው ከሞላ ጎደል አይተው ጨርሰዋል፤ የቀራቸው የደቡቡ መስቀል ብቻ ነው። ሐኪማቸው የግራ ዐይናቸውን በኤፕሪል መጀመሪያ ሊቀድ ቀጠሮ ይዟል። ይሻላቸው ይሁን ይብስባቸው አልማለም። ስለዚህ ከዚያ በፊት መሄድ አለባቸው። ሜክሲኮ ውስጥ፣ በረጅሙ ልሳነ ምድር መስቀሉ እስከሚታይበት የደቡብ ጫፍ የሚወስደው መንገድ ገና አስፋልት የለበሰበት ወቅት ነው። የማርች የዕረፍት ሰሞን፣ ጨረቃ የሌለችበት፣ ተመረጠ። ከዐሥራ አምስቱ አባላት ዐሥራ ሦስቱ የወገብ ሕመም፣ የልጅ ሠርግና ድመት ምክንያት አድርገው ቀሩ። ሚስ ዶርቲ መኪናቸውን አቀረቡ። እኔ የሰማዩ መሪ ሆኜ ተሾምኩ።

«ሰማዩን የሚያውቅ ሰው ይዘን ነው የምንሄደው» አሉ ሚስተር ዊልከንስ፣ ትከሻዬን ጨብጠው። እጃቸው እንደ ብረት ነው።

ያን ዕለት ማታ ለጥላሁን ነገርኩት። ጥላሁን ፓስታውን እያንጠለጠለ አየኝ።

«አንተ? አንተ ፀሐይንም በአድራሻ ነው የምታገኛት።»

«ምን ላድርግ? ሽማግሌ ናቸው፤ እንዴት እምቢ ልበላቸው?»

«ሲምፕል ነው። ኮል አድርግላቸውና ‹ሶሪ፣ አላውቀውም› በላቸው።»

«ሁለት ዓመት መስታወት ፈጭተው?»

«ታዲያ እኔም አብሬህ እመጣለሁ» አለ። «ሾፌር ያስፈልጋችኋል። ደግሞ ሲያባርሩህ ማየት አለብኝ።»

ሚስ ዶርቲ እንዳጠና ብለው የደቡብ ሰማይ ካርታ አስመጥተው ሰጥተውኝ ነበር። በሳን ሆዜና በኦክላንድ መካከል ከዚያ በቀር ሌላ ያለ አይመስለኝም። ለማጥናት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ድስቱ ትኩስ ነበርና ለጊዜው እላዩ ላይ አስቀመጥኩት። ለጊዜው ያልኩት ሦስት ሳምንት ሆነ። ጥላሁን እየበላ ከድስቱ ዙሪያ የሚታየውን ጽሑፍ ያነባል፤ እኔ ድስቱን ብቻ አያለሁ። የጉዟችን ጠዋት ሚስ ዶርቲ «ካርታውን ይዘሃል?» ሲሉኝ ካርታው ከነሽሮው ካምቤል ድንበር ላይ እንደ ተቀመጠ ትዝ አለኝ። ዐይኔን በጨው አጥቤ «ካርታ ምን ያደርግልናል፤ ሁሉም እዚህ አለ» ብዬ ጭንቅላቴን መታሁ። ባዶ ነገር እንደሚጮኸው ጮኸ።

ቴሌስኮፑ እንደ ጭስ ማውጫ ቱቦ ረጅም ነው። እንዳይጋጭ ብዬ በጋቢዬ ጠቀለልኩትና ከኋላ አጋደምነው። ድንበር ላይ ጠባቂው በመስኮት አጮልቆ አየና እጁን ወደ ሽጉጡ ላከ። በነጭ ጨርቅ የተከፈነ ረጅም ነገር ከኋላ ተጋድሟል፤ ከፊት ሁለት ሐበሾችና ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። እኔም ሐዘንተኛ ነበርኩ የምመስለው። አውርደን ፈታነው። ጠባቂው ሬሳ አለመሆኑን ሲያይ መድፍ ነው አለ። ሚስተር ዊልከንስ ቴሌስኮፑን ማዶ ወዳለ ኮረብታ አዙረው ሰውየውን «እይ» አሉት። ኮረብታው ላይ አንዲት ፍየል ትግጣለች። ይህ ዓይነቱ ቴሌስኮፕ ነገር ገልብጦ ስለሚያሳይ ፍየሏ እግሯን ወደ ሰማይ ሰቅላ፣ ከላይ የተንጠለጠለ ሣር ስትበላ ታየችው። ሰውየው እየጮኸ ጓደኞቹን ጠራ። ጓደኞቹ አለቃቸውን ጠሩ። አለቃው ሚስቱን አስጠራ። ከኋላችን ያለው መኪና ሁሉ ቆሞ ጥሩምባ እየነፋ፣ የዚያ ድንበር ጥበቃ በሙሉ ተሰልፎ ፍየል አየ። በሁለት ሰዓታችን፣ ፍየሏ ወደ ማዶ ስትሻገር፣ በክብር ሸኙን።

በመንገድ ላይ ደግሞ፣ ሰማይ የሚያውቅ ምድርማ እንዴት ይጠፋዋል ተብሎ፣ የመንገድ ካርታው እኔ ጭን ላይ ተቀመጠ። ጥላሁን ይነዳል፤ በየድልድዩ እየቆመ «ይሄ ዲዛይን አይደለም፣ ድሬኔጅ የለውም» እያለ ይወርድና ይተቻል። እኔ ቁልቋል ብቻ ባለበት በረሃ መሐል አንድ መታጠፊያ ላይ «ወደ ግራ» አልኩ። ግማሽ ቀን ነድተን መንገዱ አንድ የጨው ሜዳ ውስጥ ገብቶ አለቀ። እዚያ አህያ የሚነዳ አንድ ሰው አገኘንና በእጅ ምልክት ጠየቅነው። ሰውየው ፊቱ በራ። ክንዱን ዘረጋ፤ ቀጥ አለ፤ ወደ ግራ አጠፈው። ያገሬን ሰው እዚያ በረሃ ውስጥ አገኘሁት ብል አትመኑኝም። እሱ ባለን ሄደን የባሰ ጠፋን።

ሚስተር ዊልከንስ አንድም ጊዜ አልተቆጡም። የፒች ቆርቆሮ ከፍተው ያበሉናል። ቆርቆሮውን ከመክፈታቸው በፊት ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳብሰው «ይሄን ያሸገው ሰው ሥራውን ያውቃል» ወይም «ይሄ ጥድፊያ ላይ ነበር» ይላሉ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንዴት እንደሚወዱ ስሰማ ፒቼን ለጥላሁን አሳልፋለሁ።

በአራተኛው ቀን ጫፉ ላይ ደረስን። አሸዋ፣ ጥቂት የዓሣ አጥማጅ ጀልባዎች፣ ከፊት ለፊት ባሕር ብቻ። ድንኳን ተከልን። ሚስ ዶርቲ መኪናው ውስጥ ያድራሉ፣ ሚስተር ዊልከንስ ትንሿ ድንኳን ውስጥ፣ እኔና ጥላሁን በሌላው። ሦስት ሌሊት ነበረን። የመጀመሪያው ሌሊት ከባሕር ጉም ወጥቶ የራሳችንን እግር እንኳ ሸፈነብን። በሁለተኛውም እንዲሁ። አልደብቃችሁም፣ ደስ አለኝ። ጉሙን በልቤ መረቅሁት። ሚስተር ዊልከንስ ግን በሁለቱም ሌሊት ወንበራቸው ላይ ኮታቸውን ደርበው ቴሌስኮፑ አጠገብ ተቀመጡ፤ ግቡ ብንላቸውም አልገቡም። በነጋው ጠዋት ሲነሡ ጉልበታቸው አልታዘዝ አላቸውና ደግፌ አነሣኋቸው። ያን ጊዜ ስለ ጉሙ ያደረግኩትን ምርቃት ሁሉ መለስኩት።

ሦስተኛው ሌሊት፣ የመጨረሻው፣ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ መሰለ። ማለዳ መነሣት አለብን፤ የኔና የጥላሁን ትምህርት፣ የእሳቸውም ሐኪም ይጠብቃል። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሚስ ዶርቲ እስክሪብቶና ደብተራቸውን አወጡ። ሚስተር ዊልከንስ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«በል፤ የት ነው?» አሉኝ።

ኮከብ እንዲህ ብዙ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሁሉም አንድ ላይ ያፈጠጡብኝ መሰለኝ። ወደ ባሕሩ ዞርኩ፤ በልቤ እመቤቴን ጠራሁ። እግዜር ለውሸታም ያዝንለታል መሰለኝ፤ ወደ ደቡብ፣ ከባሕሩ ከፍ ብሎ፣ አራት ኮከቦች ጥርት ባለ የመስቀል ቅርጽ ተቀምጠዋል። ትልቅ መስቀል! የማያጠራጥር! ክንዴን ዘረጋሁ።

«ያውና!»

ያን ጊዜ አልዋሸሁም፤ ከልቤ አምኜ ነው ያሳየሁት። ሚስ ዶርቲ አጨበጨቡ። ጥላሁን እንኳ «ዋው» አለ። ሚስተር ዊልከንስ ቴሌስኮፑን ቀስ ብለው አዙረው ግራ ዐይናቸውን አስጠጉ። ረጅም ጊዜ አላነሡትም። ሲያነሡት ጉንጫቸው ረጥቧል። ከዚያ በፊት አሜሪካዊ ሽማግሌ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። ድምፅ የለውም፤ እንባው ዝም ብሎ ይወርዳል። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና «አመሰግንሃለሁ» አሉኝ። ሚስ ዶርቲ ሰዓቱን መዘገቡ። ፒች ተከፈተ። ሁሉም ረክቶ ተኛ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ የኮከብ ሊቅ ነኝ ብዬ ጋደም አልኩ።

ጥላሁን በጨለማው ውስጥ አዛጋ።

«እኔ የምልህ» አለ። «ያ ድስቱ ሥር ያለው ካርታ ላይ ሁለት ኮከቦች አልነበሩም እንዴ? ፖይንተርስ የሚላቸው?»

«ምን ኮከቦች?»

«እውነተኛውን መስቀል ሁለት በጣም ደማቅ ኮከቦች ከኋላው ይከተሉታል፣ እነሱን ሳታይ እንዳታምን ይላል። ሌላ ፎልስ የሆነ መስቀል አለ፤ ተለቅ ይላል፣ ቀድሞ ይወጣል፣ ሰው ይሳሳትበታል ይላል። ቼክ አድርገሃል አይደል?»

«አድርጌያለሁ» አልኩ።

«ጥሩ» አለና አንኮራፋ።

እኔ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በቀኝ ተኛሁ፤ በግራ ተኛሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ሳይነጋ ነው የጠራብኝ። ሰባት ሰዓት ላይ ቀስ ብዬ ወጣሁ። ያሳየኋቸው መስቀል ወደ ምዕራብ ዘምሞ ሊጠልቅ ነው። እሱ በነበረበት ቦታ፣ ከባሕሩ በላይ ዝቅ ብሎ፣ ሌላ መስቀል ቆሟል። ትንሽ ነው፤ ክንድህን ዘርግተህ በሦስት ጣትህ ልትሸፍነው ትችላለህ። ግን ብሩህነቱ! ከበስተግራው ደግሞ ሁለት ደማቅ ኮከቦች ከውሃው ገና መውጣታቸው ነው። አሸዋው ላይ ቁጭ አልኩ። ሁለት ዓመት የተፈጨ መስታወት፣ አራት ቀን መንገድ፣ ያ ሁሉ እንባ፣ እኔ ወደ ጠቆምኩት ወደ ማይሆን ነገር ሄዷል።

ጥላሁንን ቀሰቀስኩት።

«መስቀሉ ወጣ።»

«የቱ መስቀል?»

«እውነተኛው።»

ከድንኳኑ አንገቱን አወጣና አየ።

«እና ምን ልታደርግ ነው?»

«ልቀሰቅሳቸው።»

«አብደሃል? ሽማግሌው ሀፒ ሆነው ተኝተዋል። ለምን ዲስተርብ ታደርጋቸዋለህ? ነገ ወደ ቤታቸው መንገድ ይጀምራሉ፣ ኦፕሬሽናቸውን ያደርጋሉ፣ አየሁ ብለው ይኖራሉ። ማን ቼክ ያደርጋል?»

«ማንም።»

«ታዲያ?»

ታዲያ ያለው ልክ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወደ ድንኳኔ ተመልሼ ጋቢዬን ተከናነብኩ። ግን አፈርኩ። በሰፈር መንገድ ያሳሳትኩት ሰው ሌላው ቢቀር ተመልሶ ሌላ ሰው ይጠይቃል፤ እሳቸው ግን ተመልሰው የሚፈልጉበት ዐይን ላይኖራቸው ነው። ደግሞ በጉዳዩ ላይ የማስብበት ጊዜ አልነበረም፤ ከባሕሩ በኩል ያ የለመድነው ጉም በዝግታ እየተነሣ ነበር። ተነሥቼ በባዶ እግሬ ሮጥኩ።

«ሚስተር ዊልከንስ!»

«ማነው?»

«እኔ ነኝ። ያሳየሁዎት መስቀል እሱ አይደለም። እውነተኛው አሁን ወጥቷል። ጉም እየመጣ ነው። እኔ የደቡብ መስቀልን አይቼ አላውቅም። በልጅነቴም አላየሁም። ሰማይ ቀና ብዬ አይቼ አላውቅም። የመምሬ በቅሎም የለችም። ካርታውን ድስት አስቀምጬበታለሁ።» ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ተናገርኩት፤ ያልጠየቁኝን የረቡዕንም ነገር ጨመርኩላቸው።

ከድንኳኑ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ድምፅ አልመጣም። ልባቸው የቆመ መስሎኝ ደነገጥኩ።

«ያለቀስኩት በየትኛው ላይ ነበር?» አሉ በመጨረሻ።

«በሐሰተኛው።»

ከዚያ፣ «ስማ ልጅ» አሉ፤ ድምፃቸው ቀዝቃዛ ነው። «ሳን ሊያንድሮ ስንደርስ በደንብ እቆጣሃለሁ። አሁን ጊዜ የለኝም። ጫማዬን አቀብለኝ።»

ጫማቸውን አጠለቅሁላቸው፤ ግራና ቀኙን አቀያይሬ። በውስጥ ሱሪያቸውና በኮታቸው ወጡ። ቴሌስኮፑ መስታወቱ ላይ ጤዛ ይዟል፤ ለመጥረግም ሆነ ሚስ ዶርቲን ከመኪናው ለመቀስቀስ ጊዜ የለም። «ተወው» አሉ። «በባዶ ዐይን።» ወደ ደቡብ አፈጠጡ፤ አላገኙትም። ከፍ አሉ፤ ዝቅ አሉ። ጉሙ ከታች የባሕሩን ጫፍ በልቶ ወደ ላይ እየወጣ ነው። «አይታየኝም» አሉ፤ ያን ጊዜ ድምፃቸው ተለወጠ። «የት ነው? አይታየኝም።»

የሽማግሌ ራስ በእጅ አይነካም ተብዬ ነው ያደግኩት። ከኋላቸው ቆምኩና ሽበታቸውን በሁለት መዳፌ ያዝኩ፤ እንደ ልጅ ራስ ቀስ ብዬ ወደ ግራ አዞርኩት፤ ትንሽ ዝቅ አደረግኩት። እዚያ ላይ ያዝኩት።

«አሁን ቀጥታ ከፊትዎ ነው። ትንሽ ነው። አራት ናቸው። የታችኛዋ ከሁሉም ትደምቃለች።»

ትንፋሻቸው ሲቆም በመዳፌ ተሰማኝ።

«አገኘሁት» አሉ።

ጥላሁን ከድንኳኑ ወጥቶ አጠገባችን ቆሟል፤ ይህ ሰው ዝም ሲል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ከላይዋ በስተግራ ያለችው ኮከብ ምን ትባላለች?» አሉኝ ሚስተር ዊልከንስ፣ ራሳቸውን ከእጄ ሳያወጡ።

«አላውቅም» አልኩ።

«በናንተ አገርስ ምን ትሏታላችሁ?»

«እሱንም አላውቅም።»

ቃሉ ምላሴ ላይ ሳይደናቀፍ ወጣ፤ ምንም አልጎዳኝም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ምን ሲያስፈራኝ እንደ ኖረ አልገባኝም። እሳቸውም ሳቅ አሉ፤ የራሳቸው መነቃነቅ በመዳፌ ተሰማኝ።

ጉሙ የታችኛዋን ኮከብ ደረሰባት። ሐኪሙ የዚያን ዐይን ነገር እንዳሰበው አላደረገውም፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሚስተር ዊልከንስ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነበር የሚለዩት። ያን ሌሊት ግን ይህን ማናችንም አናውቅም ነበር። እኔ የማውቀው ልጅ ሆኜ ከቤታችን ጣሪያ በላይ ስንት ዓመት ተሰቅሎ ሳላየው የኖርኩትን ነገር፣ አንድ የሳን ሊያንድሮ መካኒክ በአንድ ዐይናቸው ፈልገው እንዳሳዩኝ ነው። አፍንጫዬ ይፈስ ጀመር። መዳፌ እሳቸው ራስ ላይ ስለሆነ ልጠርገው አልቻልኩም።

«እያለቀስክ ነው?» አሉኝ።

«አዎን።»

«ጥሩ» አሉ። «እኔ ያለኝን በዚያኛው ላይ ጨርሻለሁ። ለዚህኛው አንተ አልቅስልኝ።»

ለሰው ማልቀስ እንኳ እናውቅበታለን። ጉሙ የላይኛዋን ኮከብ እስኪውጣት ድረስ ራሳቸውን እንደ ያዝኩ አለቀስኩላቸው።